አገናኝ ተቋማት የቴክኖሎጂ አቅም ይገነባሉ ወይስ ሥልጠና ሰጥተው ይሄዳሉ?

መጋዝና ሞረድ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የፓምፕ ዘንጎችንና ጊሮችን በሚያመርት መካከለኛ ፋብሪካ ውስጥ የምርት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ባለፉት ስምንት ዓመታት ሦስት ተቋማት በተለያየ ጊዜ እኛ ዘንድ መጥተዋል። የሦስቱም ዓላማ ምርምርን ከኢንዱስትሪ ማገናኘት ነበር። የመጀመሪያው የአምስት ቀን ሥልጠና ሰጥቶ፣ የምስክር ወረቀት አድሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ ሄደ። ሁለተኛው ከአንድ ተመራማሪ ጋር አስተዋወቀን፤ ተመራማሪው የምርት መዝገባችንን ወስዶ ጥናቱን አሳተመ፤ እኛ ግን የጥናቱን ቅጂ እንኳ አላገኘንም። ሦስተኛው አንድ ሲኤንሲ ቶርኖ፣ በኮምፒውተር የሚመራ የብረት መቅረጫ ማሽን፣ በድጋፍ አስገባልን። ማሽኑ ለአራት ወራት ግሩም ሆኖ ሠራ። የመቆጣጠሪያ ካርዱ ሲቃጠል ግን የሚያውቀው ሰው ጠፋ፤ ይኸው ሸራ ለብሶ ጥግ ላይ ቆሟል።

አሁን አራተኛ ተቋም አብረን እንድንሠራ ሐሳብ አቅርቡ ብሎናል። ከመጻፌ በፊት የእናንተን አስተያየት ፈለግሁ። ከኋላ ተነሥተው የደረሱ አገሮች እንዲህ ያሉ ተቋማትን በሰፊው ተጠቅመዋል ይባላል። እዚያ የተደረገው፣ እኛ ፋብሪካ ግን ያልተደረገው ነገር ምንድን ነው?

ጥቁር ሰሌዳ፦

ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የታይዋን ታሪክ ነው፤ ሲነገር ግን ዋናው ነገር ይዘለላል። በ1973 የመንግሥት ምርምር ተቋማት ተዋህደው የኢንዱስትሪ ቴክኖሎጂ ምርምር ተቋም፣ በአጭር ስሙ ኢትሪ፣ ተመሠረተ። ኢትሪ በ1976 ከአሜሪካው የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ አርሲኤ ጋር የሴሚኮንዳክተር፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ ቺፕ፣ ቴክኖሎጂ ውል ተፈራረመ። ብዙዎች እዚህ ላይ «ቴክኖሎጂ ገዙ» ብለው ያልፋሉ። በዚያው ዓመት ወጣት መሐንዲሶች በቡድን በቡድን ወደ አርሲኤ ፋብሪካዎች ተላኩ። አንዱ ንድፍን፣ ሌላው የማምረት ሂደትን፣ ሌላው ፍተሻን፣ ሌላው መሣሪያዎቹን እንዲይዝ ተመድቦ ነበር። ሲመለሱም ሪፖርት ጽፈው አልተበተኑም። ሺንቹ ላይ በ1977 ሥራ የጀመረውን የሙከራ ፋብሪካ የያዙት እነርሱ ነበሩ፤ ለኤሌክትሮኒክ የእጅ ሰዓት የሚሆን ቺፕ እያመረቱ ሸጡ። መማር አለመማራቸውን በየቀኑ ይነግራቸው የነበረው ከመስመሩ ከወጣው ቺፕ ውስጥ ስንቱ ይሠራል የሚለው ቁጥር ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። የገዙት ሂደት ቺፑ ላይ የሚስለው ቀጭኑ መስመር 7 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሰባት ሺኛ) ነበር፤ ያን ጊዜም ቢሆን ከፊተኞቹ ወደ ኋላ የቀረ። ይህን እንደ ድክመት የሚያዩ አሉ። እኔ ግን የታሪኩ ትልቁ ብልኀት ይህ ይመስለኛል። የሰከነ ቴክኖሎጂ ስለነበረ ከሥር እስከ ላይ ፈትተው መልሰው መግጠም ቻሉ።

ቀጥሎ በ1980 ዩኤምሲ የተባለው የቺፕ ኩባንያ ከኢትሪ ውስጥ ወጣ፤ ሰዎቹም ቴክኖሎጂውን ይዘው ሄዱ። በ1985 ሞሪስ ቻንግ ኢትሪን እንዲመራ ተጠራ። በ1987 ቺፕ አምራቹ ቲኤስኤምሲ የኔዘርላንዱን ፊሊፕስ ባለድርሻ አድርጎ ሲቋቋም መነሻው የኢትሪ መሐንዲሶችና የሙከራ መስመሩ ነበሩ። ተቋሙ ምርጥ ሰዎቹ ሲሄዱበት እንደ ኪሳራ አልቆጠረውም፤ የተቋቋመውም ለዚሁ ነበር።

ወንድሜ፣ እርስዎ ከጻፉት ውስጥ አንድ ነገር ጎልቶ ታየኝ። ሥልጠና መጥቷል፣ ጥናት መጥቷል፣ ማሽንም መጥቷል። የመጣና የቆየ ሰው ግን የለም፤ ከእናንተ ወጥቶ ተምሮ የተመለሰም ሰው የለም።

ሒሳብ መዝገብ፦

ታይዋንን ባነሣን ቁጥር የሚረሳ ነገር አለ። ከኢትሪ ጀርባ ለአሥርና ለሃያ ዓመት እጁን የማያጥፍ መንግሥት፣ በውጭ አገር የተማሩ ብዙ መሐንዲሶች፣ ወደ ውጭ የሚሸጡ ፋብሪካዎች ነበሩ። ያንን ሁሉ ትተን ተቋሙን ብቻ ብንቀዳ የምናገኘው ሕንፃና የስም ሰሌዳ ነው። በሥራዬ የእንዲህ ያሉ ማዕከላትን ሒሳብ እመረምራለሁ። በብዙዎቹ ያየሁት ነገር ተመሳሳይ ነው፤ በጀቱ በዓመት ይታደሳል፣ ሪፖርቱ የሠለጠኑ ሰዎችን ቁጥር ይጠይቃል፣ ስለዚህ ሰው ይሠለጥናል። ከሁለት ዓመት በኋላ ፋብሪካው ምን መሥራት ቻለ ብሎ የሚጠይቅ የሪፖርት ቅጽ በእጄ ገብቶ አያውቅም። ይህን የምለው በቁጭት ነው፤ በእነዚያ ማዕከላት ውስጥ ሌት ተቀን የሚለፉ ሰዎችን አውቃለሁና።

ጥቁር ሰሌዳ፦

እውነትዎን ነው፤ ደቡብ ኮሪያም ይህን ታረጋግጣለች። ኪስት የሚባለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1966 በአሜሪካ እርዳታ ሲቋቋም በውጭ የሚኖሩ ኮሪያውያን ተመራማሪዎችን በጥሩ ደመወዝ አምጥቶ ከኩባንያዎች በውል ሥራ እንዲቀበል ታስቦ ነበር። ኩባንያዎቹ ግን መጀመሪያ ላይ ሥራ ይዘው አልመጡም። ከውጭ ያለቀለት ፋብሪካ ገዝቶ ማስተከል ይቀላቸው ነበር። ለዓመታት ተቋሙን ያቆመው የመንግሥት ገንዘብ ነው።

ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት ኪስት ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ኩባንያዎችና መንግሥት ከውጭ ሻጭ ጋር ሲደራደሩ የትኛው ማሽን እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው ያረጀ እንደሆነ፣ ውሉ ውስጥ ምን እንደጎደለ የሚያውቅ ሰው አጠገባቸው እንዲቀመጥ አድርጓል። ገዢ ሆኖ አዋቂ መሆን ራሱ የቴክኖሎጂ አቅም ነው። በእርስዎ ፋብሪካ ሲኤንሲ ቶርኖው ሲገባ የመለዋወጫና የጥገና አንቀጹን ከሻጩ ጋር የተደራደረ ማን ነበር?

መጋዝና ሞረድ፦

ማንም። ውሉን እኔ አላየሁትም። ማሽኑ በሳጥን መጣ።

የመለኪያ ክፍል፦

ለአሥራ አንድ ዓመት በአንድ የብረታ ብረት ፍተሻ ማዕከል ሠርቻለሁ። ስለ ትልልቆቹ ተቋማት የተጻፈው ጥሩ ነው፤ እኔ ደግሞ ከታች የሚታየውን ልጨምር። የእርስዎም ሥራ ጊር ስለሆነ ይጠቅምዎት ይሆናል።

አንድ ፋብሪካ የተሰበሩ ጊሮች በጆንያ ይዞ መጣ። «ብረቱ መጥፎ ነው፤ አረጋግጡልንና ሻጩን እንክሰስ» አሉ። አንዱን ቆርጠን፣ አለስልሰን፣ በአሲድ ነክረን በማይክሮስኮፕ አየነው። የብረቱ ውህደት ደህና ነው። ቅንጣቶቹ ግን ከሚገባው በላይ አድገዋል፤ ይህ ብረቱ ምድጃ ውስጥ ከልክ በላይ መሞቁን ይናገራል። የፋብሪካው መዝገብ ደግሞ በየፈረቃው 930 ዲግሪ ይላል፤ አንድም ቀን ዝንፍ ያላለ።

በደንባችን መሠረት ሥራችን እዚህ ላይ አልቋል፤ የፍተሻ ውጤቱን ማኅተም አድርጎ መስጠት። ያን ጊዜ የነበሩት አለቃዬ ግን «ሪፖርቱን ሳትሰጪ ምድጃውን እይ» አሉኝ። ስድስት ቴርሞካፕሎች፣ ማለትም የሽቦ ሙቀት መለኪያዎች፣ ይዤ ሄድኩ። ምድጃው ውስጥ በስድስት ቦታ አስቀመጥናቸው፤ ሁለቱ በር አጠገብ፣ ሁለቱ መሐል፣ ሁለቱ ከጀርባ። ማሳያው 930 ሲል ከጀርባ ያሉት ከ1000 በላይ አነበቡ። የምድጃው የራሱ መለኪያ የተተከለው በሩ ዘንድ ነበር፤ የበሩ ማሸጊያ ደግሞ አልቋል፤ ቀዝቃዛ አየር ይገባል። መለኪያው «ገና አልሞቀም» ባለ ቁጥር ማሞቂያው እየጨመረ ጀርባ የተደረደረውን ያቃጥላል።

ምድጃውን የሚይዙት ሰው ሃያ ዓመት የሠሩ ናቸው። ቅርጫቱ ጀርባ ላይ በጠመኔ ትንሽ መስመር አስምረው አየሁ። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቃቸው «ከዚህ ወዲያ ያሉት ናቸው የሚሰበሩት» አሉኝ። ለስንት ጊዜ ነው የሚያውቁት? ከዓመት በላይ። ለማን ነገሩ? የጠየቃቸው የለም።

ይህን ነገር እስካሁን አልረሳውም። ፋብሪካው ውስጥ እውቀቱ ግማሽ ነበረ። የት እንደሚሰበር የሚያውቅ ሰው አለ፤ ለምን እንደሚሰበር የሚያሳይ መሣሪያና ቋንቋ ግን የለውም። እኛ ዘንድ ደግሞ መሣሪያው አለ፤ ጠመኔውን ግን አላየነውም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ቀላል ነው። ማሸጊያው ተቀየረ፣ መለኪያው ቦታውን ለወጠ። ልኬቱን በመጀመሪያው ጊዜ እኔ ሠራሁት፣ እርሳቸው ያዙልኝ። በሁለተኛው ወር እርሳቸው ሠሩት፣ እኔ አጠገባቸው ቆምኩ። በሦስተኛው ወር አልሄድኩም፤ ደብተሩን ላኩልኝ። ስድስት ዓምድ፣ በእጅ የተሰመረ፣ በየአሥር ደቂቃው የተነበበ። አንደኛው ቴርሞካፕል ከሌሎቹ ጋር አልስማማ ስላላቸው አስወግደው በሌላ ተክተው ምክንያቱን ግርጌ ላይ ጽፈውታል። ያን እኔ አላስተማርኳቸውም።

በማዕከላችን ዓመታዊ ሪፖርት ላይ ይህ ሥራ «አንድ የብረት ናሙና ፍተሻ» ተብሎ ነው የተመዘገበው።

ሒሳብ መዝገብ፦

እህቴ፣ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርሽ የእኔን ሙያ ነክቷል፤ ትክክልም ነሽ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያንን ሦስት ወር ማን ከፈለ? ፋብሪካው የከፈለው የአንድ ናሙና ዋጋ ከሆነ ማዕከሉ እንዲህ ያለ ሥራ በዓመት ስንት ጊዜ ሊሠራ ይችላል?

የመለኪያ ክፍል፦

ሦስት ወይም አራት ጊዜ። ከዚያ በላይ አንችልም ነበር። በኋላም ማዕከሉ ወጪውን ከአገልግሎት ክፍያ እንዲሸፍን ሲታዘዝ እሱም ቀረ። ክፍያ የሚያመጣው በብዛት የሚሠራ ተደጋጋሚ ፍተሻ ነው፤ ያንን የሚያመጡት ደግሞ የራሳቸው መሐንዲስ ያላቸው ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው። በጣም የሚያስፈልጋቸው ትንንሾቹ ከደጅ ቀሩ።

የጀርመኑ ፍራውንሆፈር በ1949 የተመሠረተ ነው። ገቢው በግምት አንድ ሦስተኛው ቋሚ የመንግሥት ድጎማ፣ ሌላው በውድድር የሚገኝ የመንግሥት ፕሮጀክት፣ ቀሪው የኢንዱስትሪ ውል ነው ይባላል። ያደገ ኢንዱስትሪ ያለው ሀብታም አገር እንኳ ቋሚ ድጎማውን አላነሣም። ጃፓን ውስጥም በየክፍለ ግዛቱ ኮሰትሱሺ የሚባሉ የሕዝብ የፍተሻና የምክር ማዕከላት አሉ፤ አነስተኛ አምራች ናሙናውን ይዞ የሚሄድባቸው። እኔ የምመኘው እንደነዚህ ያለውን ነው። ስማቸው ዜና ላይ አይወጣም፤ ግን ሁልጊዜ እዚያው ናቸው።

አፈርና ኖራ፦

ከግብርና በኩል ልግባ። ብራዚል በ1973 ኤምብራፓ የሚባለውን የግብርና ምርምር ድርጅት ስታቋቁም ሴራዶ የሚባለው ሰፊ ሣር ምድር ለእርሻ አይረባም ተብሎ የተተወ ነበር። አፈሩ ኮምጣጣ ነው፤ ውስጡ ያለው አሉሚኒየም ሥርን ይመርዛል፤ ፎስፎረሱም እጅግ ጥቂት ነው። ኤምብራፓ መጀመሪያ ያደረገው ብዙ ወጣቶችን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ መላክ ነበር። ከዚያም አፈሩን በኖራ ማከም፣ አጭር የቀን ብርሃን ባለበት የምድር ወገብ አካባቢ የሚያፈራ አኩሪ አተር ማዳቀል፣ ናይትሮጅን ከአየር የሚወስዱ ባክቴሪያዎችን ከዘሩ ጋር ማላመድ ተከተለ። በዚህ የመጨረሻው ሥራ የአፈር ባክቴሪያ ተመራማሪዋ የዮሐና ዶበራይነር ስም ሊነሣ ይገባዋል፤ የብራዚል አኩሪ አተር ገበሬ ለናይትሮጅን ማዳበሪያ የሚያወጣው ወጪ እጅግ አነስተኛ የሆነው በእንዲህ ያለ ምርምር ነው።

ከየመለኪያ ክፍል ታሪክ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ከውጭ የሚቀዳ መልስ አልነበረም። በሌላ የአየር ንብረት የተሠራው ዘር እዚያ አይሠራም። ኤምብራፓ ማገናኘት ብቻ ሥራው ቢሆን ኖሮ የሚያገናኘው ነገር አልነበረውም፤ መጀመሪያ ራሱ ማወቅ ነበረበት። በዚህ ምክንያት እንዲህ ያሉ ተቋማትን «ድልድይ» የሚለው ምሳሌ አይመቸኝም። ድልድይ የሚሠራው በሁለቱም ዳር መሬት ሲኖር ነው።

ያለ ጥላ ግን አላልፍም። በዚያው ቴክኖሎጂ ሴራዶ ብዙ የተፈጥሮ ሽፋኑን አጥቷል፤ ይህም የአቅሙ ታሪክ አካል ነው።

ሽቦ፦

በቴሌኮም ነው የምሠራው። ሕንድ በ1984 ሲዶት የተባለውን የቴሌማቲክስ ልማት ማዕከል አቋቋመች፤ የቴሌኮም መሐንዲሱ ሳም ፒትሮዳ ከፊት ነበር። ከውጭ የሚመጡት የስልክ ማዞሪያዎች አየር ማቀዝቀዣ ያለው ንጹሕ ክፍል ይፈልጋሉ፤ የገጠሩ ፖስታ ቤት ያለው አቧራ፣ ሙቀትና የሚቆራረጥ መብራት ነው። ሲዶት 128 መስመር የሚይዝ፣ ያለ ማቀዝቀዣ የሚሠራ ትንሽ የገጠር ማዞሪያ ነደፈ። ቀጥሎ ያደረገው ነገር ከንድፉ አይተናነስም፤ ንድፉን ለአንድ ድርጅት አልሰጠም፤ ለብዙ አምራቾች ፈቀደ። የኤሌክትሮኒክ ሰርኪዩት ካርድ መሥራትን፣ መፈተሽን፣ የጥራት ቁጥጥርን በዚያ ሥራ የተማሩ ድርጅቶች ብዙ ናቸው።

ኮሪያም በምርምር ተቋሟ በኤትሪ በኩል ቲዲኤክስ የተባለውን ዲጂታል ማዞሪያ ስትሠራ የአምራች ኩባንያዎቹ መሐንዲሶች ከተቋሙ መሐንዲሶች ጋር አብረው ሠርተዋል። በ1996 ሲዲኤምኤ የተባለውን የሞባይል ሥርዓት ከዓለም ቀዳሚዎቹ አንዷ ሆና ለንግድ ስትከፍት ይህ አብሮ የመሥራት ልምድ ከሥር ነበረ። (ኤትሪ የኮሪያው፣ ኢትሪ የታይዋኑ ነው፤ ስማቸው ስለሚምታታ ነው።)

ሒሳብ መዝገብ፦

የቺሌውን ሳልሞን ማንም አላነሣውም፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ይልቅ የሚያስተምረው እርሱ ነው። ፉንዳሲዮን ቺሌ በ1976 በመንግሥትና በአሜሪካው አይቲቲ ኩባንያ እኩል መዋጮ ተቋቋመ። ሳልሞን የአገሩ ዓሣ አይደለም። ተቋሙ በ1982 ሳልሞኔስ አንታርቲካ የተባለ የራሱን ኩባንያ መሥርቶ ዓሣውን አርብቶ አሳየ፤ ሌሎች ባለሀብቶች አይተው ገቡ፤ በ1988 ኩባንያውን ለጃፓኑ ኒፖን ሱይሳን ሸጠው። ሰው «ይሠራል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ በወረቀት ብትመልስለት አያምንም፤ በራስህ ገንዘብ ሠርተህ አትርፈህ ስታሳየው ያምናል።

ችግሩ ኋላ መጣ። በ2007 የሳልሞን የደም ማነስ ቫይረስ ገብቶ ኢንዱስትሪውን ክፉኛ መታው። ዓሣ ማርባትን ሁሉም ተምሯል፤ የእርባታ ቦታዎችን ማራራቅን፣ በሽታን ቀድሞ ማየትንና መቆጣጠርን ግን ከእድገቱ ጋር እኩል አልገነቡም። አገናኝ ተቋም ድርጅቶችን አሳድጎ ተቆጣጣሪውን ካላሳደገ አቅሙ በአንድ እግሩ ነው የቆመው።

አዲስ ቅጠል፦

ጀማሪ ድርጅቶችን ስለሚያሳድጉት ኢንኩቤሽን ማዕከላትና ስለ ፈጠራ መናኸሪያዎችስ? እኔ የተማርኩት እንዲህ ባለው ውስጥ ነው።

ጥቁር ሰሌዳ፦

ናይሮቢ ላይ በ2010 እንደተከፈተው አይሃብ ያሉት ሰው ከሰው በማገናኘት ብዙ ጠቅመዋል፤ በሶፍትዌር ሥራ ላይ ደግሞ መገናኘት ብቻውን ሩቅ ያስኬዳል። ምድጃና ዘንግ ላለበት ሥራ ግን ጠረጴዛና ኢንተርኔት አይበቃም። ለእርሱ የሚቀርበው በማሌዥያ ፔናንግ በ1989 የተቋቋመው የሙያ ማዕከል ይመስለኛል፤ ተፎካካሪ የሆኑ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎች መሣሪያና አሠልጣኝ አዋጥተው የራሳቸውን ቴክኒሻኖች በጋራ ያሠለጠኑበት ነው። ምን እንደሚሠለጠን የወሰኑት ፋብሪካዎቹ ናቸው።

መጋዝና ሞረድ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ሄጄ የማጠንከሪያ ምድጃችንን ከሚይዘው ልጅ ጋር አንድ ሰዓት ቆምኩ። የሚያውቀውን አራት ነገር ነገረኝ፤ ሦስቱን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ሐሳቡን እንዲህ ልጽፍ አስቤአለሁ። ሥልጠና አንጠይቅም። ሁለት ሰዎቻችን ለስድስት ወር ማዕከሉ ውስጥ ገብተው የራሳችንን ችግር ይዘው ይሠራሉ፤ የማዕከሉ አንድ መሐንዲስ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን እኛ ዘንድ ይውላል። የቆመው ሲኤንሲ ቶርኖ የመጀመሪያው ሥራ ይሁን፤ ሰዎቻችን ከማዕከሉ ጋር ሆነው ፈትተው ያስነሡት። በዓመቱ መጨረሻም ያለ እርዳታ ምን መሥራት እንደቻልን በጋራ ይመዘገብ።

አንድ ያልወሰንኩት ነገር አለ። ሁለቱን ሰዎች በምን ልምረጥ? አስተዳደሩ ዲግሪ ያላቸውን ከቢሮ ላክ ይለኛል።

የመለኪያ ክፍል፦

አንዱን ከቢሮ፣ አንዱን ከምድጃው ይላኩ፤ አብረው ይሂዱ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። ዲግሪ ያለውን ብቻ ከላኩ ተመልሶ ለምድጃው ልጅ ማዘዝ ይጀምራል። የምድጃውን ልጅ ብቻ ከላኩ ደግሞ የተማረውን ሲናገር የሚሰማው አለቃ አይኖርም። ስድስት ወር ፈረቃውን የሚሸፍንለትን ሰው ከአሁኑ ያሠልጥኑ፤ በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ዕቅድ ሁለት ጊዜ የፈረሰው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው። ውሉ ላይም የልኬት ደብተሩ በፋብሪካው እንደሚቀር ይጻፍ፤ ማዕከሉ ቅጂ ይውሰድ።

የምድጃዎ መለኪያ የት እንደተተከለ አይተዋል?

መጋዝና ሞረድ፦

በሩ ዘንድ።